«ይበራል እኮ» አይበቃም

ዳላስ ውስጥ ጂፕ ወይም ፒክአፕ ያለው ሐበሻ ቅዳሜው የራሱ አይደለም። ከጋርላንድ ወደ ፕሌኖ፣ ከአርሊንግተን ወደ ዴንተን ቤት የሚቀይር ወዳጅ ሁሉ «ያንተ መኪና ይጎትታል አይደል?» ብሎ ይደውላል። እኔም ራንግለሬ ላይ የተሳቢ መብራት ገመድ ራሴ ልገጥም የተነሳሁት እንዲህ ባለ ስልክ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት አገር ቤት ጋራዥ ሲሠራ እያየሁ ያደግኩትን ነው። የኋላ መብራቱን ገመድ ላጥኩ፣ አዲሱን ጠመዘዝኩበት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ደጃፍ ላይ ሞከርኩት፣ በራ። «ይበራል እኮ» ብዬ ዕቃ ጫንኩ። ማታ 635 ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ አልፎኝ ሄደ። ዳር ይዤ ሳየው ፍሬን ስረግጥ ተሳቢው ላይ አንድም መብራት አይበራም። ከኋላዬ ልጆቹን ጭኖ የሚመጣ ሰው የት ጋ እንደቆምኩ በምን ሊያውቅ ነበር?

ጥፋቱ ነጩ ገመድ ላይ ነው። በአራት ገመዱ ሶኬት ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው፤ ነጩ ደግሞ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ነው። እኔ ቀለም በተቀባ ቡሎን ላይ አስሬው ነበር። ደጃፍ ላይ የበራው ኤሌክትሪኩ በመጎተቻው ኳስ በኩል ዞሮ ስለተመለሰ ነው፤ መንገድ ላይ ኳሱ ሲነቃነቅ ተቋረጠ። መድኃኒቱ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ባዶ ብረት ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ስህተቴ መላጡ ነበር። ፕላስተሩ የቴክሳስን ነሐሴ አይችልም፣ ሙጫው ይቀልጣል። ደግሞ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ለየብቻ የሆኑበት መኪና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዋህድ ማቀናበሪያ ይፈልጋል፤ ባለ አራት ገመዱ ተሳቢ ሁለቱንም በአንድ አምፖል ነው የሚያሳየው። ለመኪናው ሞዴል የተሠራ፣ ሳይቆረጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ይሸጣል። ጉልበቱን በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ የሚወስደው ይሻላል፣ የመኪናውን የመብራት መስመር አያጨናንቅም። ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቺያቤ ካለህ ይበቃሃል። (ሁለት ዲግሪ ይዤ የጋራዥ ቃሌ ሁሉ ጣልያንኛ መሆኑ ያስቀኛል።)

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰበብ ስላለኝ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለግል መኪኖች ዓመታዊውን የደህንነት ምርመራ አስቀርቷል። በዳላስ፣ በታራንት፣ በኮሊንና በዴንተን ካውንቲዎች የጭስ ምርመራው ቀጥሏል፤ እሱ ግን ፍሬቻ አይቆጥርም። መብራቱ እንዲሠራ የሚያስገድደው ሕግ አሁንም አለ። የሚያይልን ሰው ነው የቀረው። አብዛኞቻችን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሳይፈተሽ የተለቀቀ ሥራ ሲያጋጥመን የምንቆጣ ሰዎች ነን፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን «ለአንድ ቀን ነው፣ ምን ይሆናል» እንላለን።

«ለጋራዥ ስጠው» የሚሉኝ አሉ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ላለው ባለ ሰባት መስመር ተሳቢ እኔም እሰጣለሁ። ባለ አራቱ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ራሱ የገጠመ ሰው መንገድ ላይ ሲጠፋበት የት ጋ እንደሚፈልግ ያውቃል።

አሁን ሳልፈትሽ አልነሳም። ባለቤቴ ሹፌር ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላ ቆሜ «ግራ! ቀኝ! ፍሬን!» እላለሁ። ከዚያ ተሳቢውን በእጄ ነቅነቅ አድርጌ እንደገና። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃው የሚጓዝለት ወዳጄ «ኧረ መሸ፣ እንሂድ!» እያለ ሲነጫነጭ ሦስተኛ ጊዜ አስረገጥኳት።