ጋዜጣን በመቀስ ማስተማር ይብቃ

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ማታ በራችንን አንኳኩታ አሮጌ ጋዜጣ ለመነችን። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «የአማርኛ የቤት ሥራ ነው፤ አምስት ዜና ቆርጠን ደብተር ላይ ለጥፈን እንድናመጣ ታዘናል» አለች። ያለኝን ሰጠኋት፤ እዚያው ሳሎን ተቀምጣ በመቀስ መቁረጥ ጀመረች። ስለ ምን ስለ ምን እንደመረጠች ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ አጫጭሮቹን ነው የወሰድኩት፤ ረጅሙ ገጹ ላይ አይበቃም» አለችኝ። አንዱንም አላነበበችውም። በሳምንቱ ደብተሩን አሳየችኝ። በእያንዳንዱ ዜና ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበት፣ ከሥሩ 10 ከ10 ተጽፎበታል።

ልጅቷን አልወቅስም፤ ቁረጪ ተባለች፣ ቆረጠች። የምወቅሰው በየትምህርት ቤቱ ሥር የሰደደውን፣ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ ስለገባ ብቻ ንባብ የተማሩ የሚያስመስለውን ልማድ ነው። መቀሱና ሙጫው አንዱ መልኩ ነው። ሌላው መልኩ ትርጓሜው ነው። ተማሪው ጋዜጣ ምን እንደሆነ፣ ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ ዜና የትኞቹን ጥያቄዎች እንደሚመልስ ይሸመድዳል። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት እያለ እንደ መዝሙር ያወርደዋል። ፈተና ላይም «ከሚከተሉት ውስጥ ዜና የማይመልሰው ጥያቄ የቱ ነው?» ይባልና ትክክለኛውን ፊደል ያከብባል። ከዚያ አንድ የዕለቱን ዜና ፊቱ ዘርግታችሁ «ይህን ማን ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ይላል። ስድስቱን ጥያቄዎች በቃሉ ይዟቸዋል፤ ጠይቆባቸው ግን አያውቅም።

የሚያስቆጨኝ የአማርኛ ጋዜጣ ለንባብ ትምህርት ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ ሳስብ ነው። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የዜናችን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ረጅም ነው፤ ሹመቱን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱን ሁሉ ደርድሮ ነው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ የሚደርሰው። ይህን ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን ይዞ እስከ ግሱ መዝለቅ የቻለ ተማሪ የታሪክ መጽሐፉንም፣ ውሉንም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውንም ማንበብ ይችላል።

አንድ ርዕስ ለምሳሌ ልስጥ። «በክፍለ ከተማው ያለው የውሃ ችግር በቅርቡ እንደሚፈታ ተገለጸ።» እንዲህ ያለ ርዕስ በየቀኑ እናያለን። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ በዚህ በአንዱ መስመር ላይ ብቻ መዋል ይቻላል። የገለጸው ማን ነው? «ተገለጸ» ሲባል ገላጩ የት ሄደ? «በቅርቡ» ስንት ቀን ነው? ውሃ የጠፋባቸው እናቶች ከርዕሱ ሥር ባለው ሐተታ ውስጥ አንድ ቃል ተናግረዋል ወይስ የተናገረው ኃላፊው ብቻ ነው? ከዚያ ተማሪው ያንኑ ርዕስ በአድራጊ ግስ እንደገና ይጻፈው። ሊጽፈው ሲሞክር ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱን ፍለጋ ዜናውን እስከ ታች ያነባል። አንዳንድ ጊዜ ከነጭራሹ አያገኘውም፤ ያኔ ትልቅ ነገር ተማረ። የአድራጊና የተደራጊ ግስ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ተስሏል፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን ለተማሪ የነገረው የለም።

ዜና ውስጥ ያሉት ግሶችስ? ገለጸ፣ አስታወቀ፣ አሳሰበ፣ አስተባበለ፣ አመነ። አንድ ኃላፊ «አመነ» ከተባለ ቀድሞ ተጠርጥሮ ነበር ማለት ነው። «አስተባበለ» ከተባለ ጥርጣሬው ገና አልወረደለትም። «ገለጸ» ከተባለ ጸሐፊው ነገሩን እንደ እውነት ተቀብሎታል። ሦስቱም የአንድ ሰው የአንድ ቀን ንግግር ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ልዩነት የለየ የ16 ዓመት ልጅ በቀላሉ አይታለልም።

ወደ መጻፉ ስንመጣ ነገሩ የባሰ ነው። ድርሰት ጻፉ ይባላል፤ ርዕሱ የውሃ ጥቅም፣ የዛፍ ጥቅም፣ የክረምት ወራት ነው። ለማን እንደሚጻፍ ማንም አይናገርም። አንባቢው መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ ክፍል ስድሳ ወረቀት ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የደከመ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ «ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። ለሰው የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ጳውሎስ ኞኞን አስታውሱ። በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነበር፤ ግን ከአገራችን ታላላቅ ጋዜጠኞች አንዱ ሆነ። በአዲስ ዘመን ላይ ያዘጋጀው በነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» አምድ አንባቢዎች የልባቸውን ጠየቁት፣ እሱም መለሰላቸው። ጥያቄ መጻፍ ቀላል ይመስላል። የማያውቀውን ነገር ለይቶ፣ ለማያውቀው ሰው፣ በጥቂት መስመር፣ መልስ በሚያስገኝ መልኩ ማስቀመጥ ግን ከባዱ የጽሑፍ ሥራ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በዓመት አንድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእውነተኛ ጋዜጣ ቢጽፉ፣ ከአሥር የክረምት ድርሰት የበለጠ ይማሩበታል። ሚኒ ሚዲያ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ የግድግዳ ጋዜጣም አለ። ግን የጥቂት የክበብ አባላት ሥራ ሆነው ቀርተዋል። የክፍሉ ልጅ ሁሉ በተራው የሚጽፍበት፣ ጓደኞቹ ቆመው የሚያነቡት ወረቀት ለምን አይሆኑም?

ይህን ስል የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንደኛው «ጋዜጣ ይዞ መግባት ፖለቲካ ይዞ መግባት ነው» የሚለው ነው። የመምህራኑ ስጋት እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ተማሪው ስልኩን ሲከፍት ቴሌግራሙም ቲክቶኩም ይኸው ፖለቲካ ነው፤ እዚያ ግን ማን አለ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስተምረው የለም። ደግሞስ ጋዜጣ ፖለቲካ ብቻ ነው እንዴ? ጨረታው አለ፣ ክፍት የሥራ ቦታው አለ፣ የእግር ኳሱ አለ፣ የትራፊክ አደጋው አለ። አንድ የሥራ ማስታወቂያ አንብቦ ተፈላጊ ችሎታውን፣ የመመዝገቢያ ቀኑንና ቦታውን ሳያሳስት ማውጣት የማይችል የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስንት እንደሆነ መምህራን ታውቁታላችሁ።

«የጋዜጣ አማርኛ ስህተት ይበዛዋል» የሚሉም አሉ። ይበዛዋል። ተማሪው ስህተቱን ይልቀም፤ ከታረመ ምንባብ ስህተት መልቀም አይቻልም።

ገንዘብ የሚሉትን ግን በቀላሉ አልቀበልም። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ አከራዮች ለዓመታት በጥቂት ሳንቲም ስንቱን አስነብበዋል። አንድ ጋዜጣ በቀን ስንት እጅ ይዞር እንደነበር ያየ ሰው፣ አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ጋዜጣ ገዝቶ በገጽ በገጽ ለቡድን ማከፋፈል አቅቶት ነው አይለኝም። የእኔ ትውልድ ብዙ ልጆች ማንበብ የለመድነው በጭቃ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። እኛ ቤት አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ነበር፤ እሱንም አንገቴን ጠምዝዤ አንብቤዋለሁ።

ዋናው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የማይፈተን ነገር አይማሩትም። አማርኛ በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ የለም፤ ያሉት የትምህርት ዓይነቶችም ከኤ እስከ ዲ የሚመረጥባቸው ናቸው። አንድ ተማሪ 12 ዓመት ተምሮ፣ በራሱ ቃል የጻፈው አንድ አንቀጽ ሳይታይ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ አገሩ ደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተና ጣቢያ፣ ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተባለ። እነዚህ ልጆች በየትኛውም ቋንቋ አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንብበው ያውቃሉ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር ያልተረዳ ተማሪ ሒሳቡን ቢያውቀውም አይሠራውም።

የአማርኛ መምህራን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቁረጡና ለጥፉ የሚለውን የቤት ሥራ ዘንድሮ ተዉት። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ዜና ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ጮክ ብሎ ይነበብ፣ ባለቤቱ ይፈለግ፣ ግሱ ይጠየቅ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ለዜናው ጸሐፊ አምስት መስመር ጥያቄ ይጻፍ። ስድሳውንም ማረም አይጠበቅባችሁም፤ ጓደኛ ለጓደኛ ይተራረም። ትምህርት ሚኒስቴርም አንድ የጽሑፍ ጥያቄ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ፣ በአገር አቀፉ ፈተና ውስጥ ያስገባ። እርማቱ አድካሚና ውድ ነው፤ ቢሆንም መደረግ አለበት።

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው እሑድ ጠይቄያት ነበር። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እስካሁን አንድም ዜና ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አንብባ አታውቅም።