ሳይጠይቁ ቆርጠው፣ ካልጠየቁ አይመልሱም!

ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ፣ ባንክ ለበደለው የተከፈለውን የካሳ ወረቀት አሳየኝ። ገንዘቡ በባንኩ እጅ ለቆየበት ጊዜ ወለድ ታስቦለታል፤ እሰየው! ከወለዱ ላይ ግን 20 በመቶ ግብር ተቆርጧል። ለምን? በእንግሊዝ አገር ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ20 በመቶ እርከን ያለ ግብር ከፋይ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ለሚደርስ ወለድ ግብር የለበትም። የእሱ ወለድ ደግሞ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም!

ቆራጩ ሳይጠየቅ ይቆርጣል፤ መላሹ ካልተጠየቀ አይመልስም። «እናስመልስላችሁ» ባዩ ደላላም ድርሻውን ሊገምጥ ያደፍጣል። ምን በወጣችሁ? የግብር መሥሪያ ቤቱን አር 40 ቅጽ ራሳችሁ ሙሉት፤ በነፃ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን የግብር ዘመኑ ካበቃ 4 ዓመት ሲያልፍ ዝምታም ይነቅዛል። ወገኖቼ፣ ሳይነቅዝ ጠይቁ!