ፊልሙ፣ ሽልማቱና የቤታችን ጨዋታ

 

በዚህ ዕትም የምናነሳው ጉዳይ ወላጆች በዝምታ የሚያልፉት፣ ወጣቶች ግን እርስ በርስ የሚያወሩት ነው። በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል ያለ ፍቅርን የሚያሳዩና በዓለም መድረክ የተሸለሙ ፊልሞች በብዙ አገሮች ለሕዝብ ይታያሉ፤ ከዕይታው በኋላም ውይይት ይደረግባቸዋል። በአገራችን ድርጊቱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት በአደባባይ የሚታሰብ አይደለም። ታዲያ መርሳ ተቀምጠን ለምን አነሳነው? ፊልሙ አዳራሽ እስኪከፈትለት ስለማይጠብቅ ነው።

ቀደም ሲል ፊልም ማየት የጋራ ጉዳይ ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ባሉ ከተሞች ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ ማለት ነበር። ማን እንደገባና ምን እንደታየ ሰፈሩ ያውቃል። ሽማግሌ መጥቶ «ይህን አታሳይ» ቢለው ባለቤቱ ያፍራል። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ በየልጁ ኪስ ገብቷል። በሚሞሪ የተጫነው ወይም በቴሌግራም የተላከው ፊልም ብርድ ልብስ ሥር ለብቻ ይታያል። አብሮ የሚያይ ከሌለ ደግሞ የሚጠይቅም፣ የሚያስረዳም የለም።

በመጀመሪያ «ተሸልሟል» ስለሚለው ቃል እንነጋገር። ሽልማት የዳኞች ፍርድ ነው፤ ዳኞችም የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። በካን ፌስቲቫል ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅርና ስለ መሰል ጉዳዮች ለሚያወሱ ፊልሞች ተለይቶ የሚሰጥ «ክዊር ፓልም» የሚባል ሽልማት አለ። ሁለቱም ሽልማት ይባላሉ፤ የሚለኩት ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ልጃችን «ተሸልሟል» ሲለን «ማን ሸለመው? ስለ ምኑ?» ብሎ መጠየቅን እናስለምደው። ዳኞች ስለ አቀራረጹ ጥበብ ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ሐላልና ሐራምን የመለየት ሥልጣን ግን የላቸውም።

ሁለተኛው ነገር ክልከላ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» የሁለት ልጃገረዶችን ፍቅር ያሳያል ተብሎ ታገደ። በዚያው ዓመት መስከረም ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ሲፈቅድ የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች በተመልካች ተጨናነቁ። እገዳው ራሱ ስሙን ወደየቤቱ አድርሶት ነበር። መንግሥት ሕግ ማውጣቱ የራሱ ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ ግን «አትይ» ብሎ ብቻ ማለፍ ልጁን ከፊልሙ አያርቀውም፤ የሚያርቀው ከአባቱና ከእናቱ ነው።

ወደ ሙስሊሙ ዓለም ስንመጣ የፓኪስታኑን «ጆይላንድ» እናገኛለን። ሳኢም ሳዲቅ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 ያንኑ ክዊር ፓልም ወስዷል። ታሪኩ የላሆር ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባለትዳር የሆነው ትንሹ ወንድ ልጅ በአንድ የጭፈራ ቤት ሥራ ያገኝና፣ ወንድ ሆና ተወልዳ እንደ ሴት የምትኖር ተወዛዋዥ ያፈቅራል። ሥራዋን የምትወደው ሚስቱ ደግሞ ቤት እንድትውል በአማቶቿ ይወሰንባታል፤ የልቧን የሚጠይቃት ሳታገኝ መጨረሻዋ ይከፋል። የፓኪስታን መንግሥት ፊልሙን ከፈቀደ በኋላ አገደው፤ ከቀናት በኋላም መልሶ ፈቀደው። ታሪኩ የሚፈጸምባት ላሆር ያለችበት የፑንጃብ ክልል ግን እገዳውን አላነሳም። በዚያ ቤት የባልየው ጥፋት እንዳለ ሆኖ፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ አንዱ የሌላውን ጭንቀት አለማወቁ ለእኛም ቤት የሚሆን ጥያቄ ነው። ልጃችን፣ ምራታችን፣ ወንድማችን የሚጨንቀውን የሚነግረው ሰው ቤት ውስጥ አለው?

የዲናችን አቋም በድርጊቱ ላይ የታወቀ ነው፤ የነቢዩላህ ሉጥን (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ታሪክ ሁላችንም ቀርተነዋል። ድርጊቱን ሐራም ማለት ግን ሰውን ለመጠርጠር፣ ለመሰለልና ለማዋረድ ፈቃድ አይሆንም። ሱረቱል ሑጁራት መጥፎ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላል፤ ነገር አመላላሽ ወሬ ሲያመጣም አጣሩ ይለናል። ሱረቱ ኑር ደግሞ በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበውን ሰው ሰማንያ ግርፋት ይፈርድበታል። የሰው ክብር በአላህ ዘንድ ይህን ያህል የተጠበቀ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በቲክቶክ ላይ «እነዚህ ናቸው» እየተባለ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ሲለጠፍ ነበር። በእጃችን ያለው ስልክ ፊልም ማሳያ ብቻ ሳይሆን የሰው ስም ማጥፊያም ሊሆን ይችላል። ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት እንደ መርሳ ባለ ከተማ፣ አረማመዱ ወይም አነጋገሩ ተለየ ተብሎ ስም የወጣለት ልጅ የት ይደበቃል? እኛ መምህራን ሹክሹክታ ልጅን ከክፍል ሲያስቀር አይተናል።

ለበጎ ዓላማ እንኳ የሰው ታሪክ በጥንቃቄ ይያዛል። ስለ ጠለፋ የሚያወሳው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን በተመልካች ድምፅ ተሸልሟል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ተመልካቹ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ ታሪኩ የእኔ ነው ያለችው ሴት አቤት ብላ ነበርና። በኋላ ቢታይም፣ የተሸለመ ፊልም እንኳ ባለታሪኩን «ፈቅደሃል ወይ?» ሳይል ማለፍ እንደሌለበት አስተምሮናል። ታዲያ ያልተጣራ ወሬ የሚለጥፍ ልጅ ማንን አስፈቅዶ ነው?

በወሎ እንደ ዳና ባሉ የዒልም ማዕከላት ደረሳ ኪታብን ለብቻው አይቀራም። ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ይቀራል፣ ይጠይቃል፣ ይታረማል። ለፊልምም ይህንኑ ልማድ ቤታችን ውስጥ እናምጣው። ለልጆቻችን የሚሆነውን መርጠን አብረን እንይ፤ ሲያበቃም ቡናው እስኪፈላ «ምን ገባህ? ምኑ ከዲናችን ጋር ይጋጫል?» እንበል። ልጅ ስለማይገባው ወይም ስለሚያሳፍረው ነገር ሲጠይቅ በቁጣ አንመልሰው፤ ሸሽቶ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ስለ ጎረቤት ልጅ የሚነገር ወሬ ወይም ፎቶግራፍ ሲደርሰን ደግሞ እኛው ጋር ይቅር፤ ወደ ሌላ አንላከው።

አላህ ቤታችንን የመወያያና የመተዛዘኛ ቤት ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።