ጥቁሩ ምልክት እድፍ አይደለም

ከኪራይ ቤት ልንወጣ ዕቃ ስንጠቀልል ወይም ወላጆቻችን ቤታቸውን ለመሸጥ ሲዘጋጁ ምንጣፉ ይነሳል። ከሥሩም በእንጨቱ ወለል ላይ ጥቁር ምልክት ብቅ ይላል። አንዳንዴ የአበባ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለዓመታት ቡና የተፈላበት ጥግ ላይ ነው። ወዲያው አንዱ በረኪና ያመጣል፤ ሌላው የድስት ሽቦ ያነሳል። የቤት ኪራይ መያዣው ገንዘብ ያሳስባልና ጥድፊያው ይገባኛል። ግን ሁለቱንም አስቀምጡና መጀመሪያ ይህን ጠይቁ እላለሁ፦ ይህ ምልክት ከምን መጣ?

በአማርኛ «እድፍ» ከላይ የያዘ ቆሻሻ ነው፤ ይታጠባል። «ጠባሳ» ቁስል ከዳነ በኋላ የሚቀር ምልክት ነው፤ አይታጠብም። በወለል ላይ የምናየው ጥቁር ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አይደለም። እንጨቱ ራሱ ቀለሙን ቀይሮ ነው።

በአሜሪካ የቆዩ ቤቶች ወለል ብዙውን ጊዜ ኦክ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ነው። ኦክ ውስጥ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጠንከር ያለ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው የዚሁ ዘመድ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይፈጠራል። ብረቱ ከምስማር፣ ከዕቃ እግር፣ ከከሰል ማንደጃ ወይም ከውሃው ራሱ ሊመጣ ይችላል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጽሕፈት ቀለም ያዘጋጁ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከኦክ ዛፍ የተገኘ ታኒንን ከብረት ጨው ጋር ያዋህዱ ነበር። ወለላችሁ ላይ የፈሰሰው ውሃም ሳታስቡት ቀለም በጥብጦላችኋል።

በረኪና ይህን ቀለም ደህና አድርጎ አያስለቅቅም፤ በዙሪያው ያለውን እንጨት ግን ሊያነጣው ይችላል። የድስት ሽቦ ደግሞ ይብሳል። የተሰባበሩት ጥቃቅን ብረቶች እንጨቱ ውስጥ ይቀሩና ውሃ ሲነካቸው አዲስ ጥቁር ነጥብ ያወጣሉ።

ስለዚህ ምልክቱን ለዩ። ነጭ ደመና ከመሰለ እርጥበቱ ወይም ሙቀቱ ያገኘው ላይኛውን ቫርኒሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እንጨቱ ደህና ነው። ፍም ወድቆበት ጎድጎድ ካለና በጥፍር ሲጫር ጥቁር ዱቄት ከሰጠ ቃጠሎ ነው። ቃጠሎ ይፋቃል እንጂ በፈሳሽ አይለቅም። ለስላሳ ሆኖ ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን የብረትና የታኒን ሥራ ሳይሆን አይቀርም። የውሻና የድመት ሽንትም ያጠቁራል፤ እሱ በጣም ግትር ነው፤ አንዳንዴ ጣውላውን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ለብረቱ ቀለም መድኃኒቱ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ብረቱን ከታኒኑ ያላቅቅና በውሃ እንዲታጠብ ያደርገዋል። ቆስጣ ውስጥ በተፈጥሮው ይገኛል፤ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ግን መርዝ ነው። በአሜሪካ የግንባታ ዕቃ መደብሮች «ዉድ ብሊች» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። በዚህ ስም የሚሸጡ ሌሎች ነገሮችም ስላሉ ጥቅሉ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ የሚለውን ፈልጉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሲዱ እንጨቱን እንዲያገኝ መጀመሪያ ቫርኒሹ በሸካራ ወረቀት ይነሳል። ቀጥሎ ዱቄቱን ጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን በሙቅ ውሃ ሟሙት፤ ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ብረት አይሁን። ከዚያ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት፤ አለዚያ በጥቁሩ ፋንታ ነጣ ያለ ክብ ይተካል። ሲደርቅ እዩት፤ ካልለቀቀ ድገሙት። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃና በጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት፤ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አሲዱን አብርዱት፤ እንደገናም በንጹሕ ውሃ ጥረጉት። አዲስ ቫርኒሽ የሚቀባው እንጨቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

ጥንቃቄውን ችላ አትበሉ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ልጆችንና እንስሳትን አርቁ። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሲደርቅ የሚቀረውን ነጭ ብናኝ በደረቁ አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ አሮጌው ቀለም ወይም ቫርኒሽ ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ሳታስመረምሩ አትፋቁ። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ምንም ከመንካታችሁ በፊት ለአከራዩ ንገሩና ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ያለ ፈቃድ የተፋቀ ወለል ከጥቁር ምልክት የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል።

ለነገሩ ወለሉን ለማዳን ቡናውን መተው አያስፈልግም። ከረከቦቱ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሰፊ ትሪ አድርጉ፤ ማንደጃውንም ሙቀት የሚችል ንጣፍ ላይ አስቀምጡት። የፈሰሰ ውሃ ካለ ሳያድር ይጠረግ። አንዳንዴም ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ፤ ወለሉ የሚጠቁረው ማንም በማያየው ቦታ ነውና።