«ገበያ» የሚለው ፖስት ካርድ የት ይፈለግ?

የአትክልት ተራን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የጥንት ፖስት ካርዶችን የበይነ መረብ ካታሎግ ከፍቶ «አትክልት ተራ» ብሎ ቢፈልግ፣ ባዶ ገጽ ሊገጥመው ይችላል። «ገበያ» የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ ወይም በጣሊያንኛ ቢጽፍ ግን ብዙ ካርድ ይቀርብለታል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከምስሉ ሳይሆን ከመግለጫው ነው። ካርዶቹ በአብዛኛው ለውጭ ገዢ የታተሙ በመሆናቸው፣ በግርጌያቸው የሰፈረው መንገደኛው የሚረዳው ስም እንጂ ነጋዴው ቦታውን የሚጠራበት አይደለም። ካታሎጉ ይህንን ጽሑፍ ብቻ ሲገለብጥ፣ የአሳታሚውን እይታ ብቸኛ መግቢያ በር ያደርገዋል። ስለዚህ ስለ አዲስ አበባ የሚዘጋጁ ካታሎጎች ከታተመው መግለጫ ጎን የአገሬውን የቦታ ስም እስከ «ተራ» ድረስ ዘርዝረው ሊመዘግቡ ይገባል።

በሌላ አገር ያለው ልምድ ችግሩን ያጎላዋል። የስካውት ፖስት ካርዶችን የሚሰበስብ ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተካሄደውን የመጀመሪያ የዓለም ጃምቦሪ ሲፈልግ፣ ዝግጅቱ ራሱ ዓመትና ቦታ ይሰጠዋል። «የአዲስ አበባ ገበያ» የሚል ካርድ ግን ሁለቱንም አይሰጥም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረው የአራዳ ገበያ ነው። መርካቶ የተቋቋመው በወረራው ዘመን፣ ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተነሣን ምስል «መርካቶ» በሚል ስም መመዝገብ፣ ገና ያልነበረን ቦታ ለተመራማሪ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። በመዝገቡ ላይ «1928» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ከወረራው በፊት ያለውን ጊዜ፣ እንደ ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበትን ዓመት ያመለክታል። ከዚህም ሌላ የፖስታ ማኅተሙ ካርዱ የተላከበትን ቀን እንጂ ፎቶግራፉ የተነሣበትን አያሳይም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ በተላከ ካርድ ላይ ከኢትዮጵያ ቴምብር ጋር የጅቡቲ ቴምብር ሊገኝ ይችላል። የካርዱን አንድ ገጽ ብቻ የሚያሳይ ካታሎግ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ያስቀራል።

የአገሬውን ስም መጨመር ግምትን ከማስረጃ ጋር ያቀላቅላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን ስሙን መተው ሳይሆን መለየት ነው። የታተመው መግለጫ ሳይነካ በራሱ ቦታ ይቀመጥ፤ የተለየው ስም በሌላ ቦታ ይስፈር፤ ማን፣ በምን ምክንያትና በምን ያህል እርግጠኝነት እንደ ለየውም ይመዝገብ። ፍለጋውም «አራዳ»ንና «ዐራዳ»ን፣ «ሐረር»ንና «ሀረር»ን እንደ አንድ ቃል ይቀበል።

ለዚህ ሥራ ጊዜው ሰፊ አይደለም። የአትክልት ተራ ነጋዴዎች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውረዋል። በአንድ አሮጌ ምስል ላይ የትኛው ጥግ የማን መደብ እንደ ነበረ የሚያውቁት አንጋፋ ሻጮችና ተሸካሚዎች ከቦታው ጋር አብረው ተለያይተዋል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ካርዶቹን ይዘው ወደ እነርሱ ቢሄዱ፣ አንድ የመስክ ሥራ ለጥናታቸውም ለካታሎጉም ይበቃል። ሸማ ተራን፣ ቦምብ ተራንና ምን አለሽ ተራን በስማቸው ፈልጎ ማግኘት የማይቻልበት ካታሎግ የከተማዋን ምስል ይዟል እንጂ ከተማዋን አላወቃትም።