የቅዳሜዋ ፎቶና የሰኞው ኑሮ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ውጭ አገር የሚማር ጓደኛ ያላችሁ! ፎቶ ሲልክላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ጃኬቱን? ከኋላው ያለውን ተራራ? ወይስ ‹‹ይሄ ልጅ አለፈለት!›› ብላችሁ ታልፉታላችሁ?

ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፡፡ ሃይስኩል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የጨረስን ጓደኛ አለኝ፡፡ እኔ የ12ኛ ክፍል ወረቀቴን ይዤ እዚሁ ቀረሁ፤ እሱ ዲግሪውን ይዞ ለማስተርስ ጀርመን፣ ድሬስደን ከተማ ገባ፡፡ ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሌለው ተማሪ ለጀርመን ቪዛ የዓመት መኖሪያውን በዝግ ሂሳብ ያስይዛል፡፡ እንደ ፈረንጆቹ በመስከረም 2024 መጠኑ 11,904 ዩሮ ገብቷል፡፡ ያንን ገንዘብ ያበደሩት አጎቱ ናቸው፤ ሚኒባሳቸውን ሸጠው!

ታዲያ ልጁ አንድ ቅዳሜ ባስታይ በሚባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ ላከ፡፡ በ1851 የተሠራ፣ ከኤልበ ወንዝ 194 ሜትር ከፍ ብሎ በቋጥኝ መሀል የተዘረጋ ድልድይ ነው፡፡ ያምራል፣ አልዋሽም! ፎቶው ዞሮ ዞሮ አጎት ዘንድ ደረሰ፡፡ ‹‹በሚኒባሴ እየተንሸራሸረ ነው! ገንዘቤን ያምጣ!›› አሉ፡፡ ልጁ ይሄን ሲሰማ ስልኩን ዘጋ፡፡ ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ፡፡ እናቱ እንቅልፍ አጡ፡፡

በመጨረሻ ለኔ ደወለና ያችን ቅዳሜ ዘረዘረልኝ፡፡ ራተን እስከምትባለው መንደር የሄደው በወርሃዊ ቲኬቱ ነው፡፡ ይህ ቲኬት በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2025 58 የገባ ሲሆን፣ በመላው ጀርመን በከተማና በክልል ባቡሮች ያስኬዳል፤ ፈጣኑ ባቡር ላይ ግን አይሠራም፡፡ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ዳገቱን በእግሩ ወጣ፡፡ ድልድዩ ላይ ለመቆም አይከፈልም፡፡ ምሳውስ? ከቤት የያዘው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል!

ከዝግ ሂሳቡ በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ነው፡፡ የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ ቀለብ፣ ሁሉም ከዚያ ነው፡፡ ሥራም ቢሆን እንደልብ አይደለም፡፡ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለውጭ ተማሪ የሚፈቅደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፡፡ ዓርብ ማታ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፡፡ እሁድ ሱቁ ባመዛኙ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ አስቤዛ ያልያዘ ጉድ ይፈላበታል፡፡ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲመለስ 25 ሳንቲም ይገኛል፤ እሷም ትቆጠራለች፡፡

‹‹ከእንግዲህ ፎቶ መላክ ልተው?›› አለኝ፡፡

‹‹ኧረ በጭራሽ!›› አልኩት፡፡ ቤተሰብን ከተዝናና ልጅ ይልቅ ድምፁ የጠፋ ልጅ ነው የሚያስጨንቀው፡፡ ደግሞስ ሳምንቱን ሙሉ የለፋ ሰው አንዲት ቅዳሜ ንፁህ አየር ቢተነፍስ ምን ኃጢአት አለው? ቅዳሜን ላክ፤ ሰኞንም አብረህ ላክ፡፡ የሳህኑን ክምር አሳያቸው፡፡ አጎትህ ጋ ግን ራስህ ደውል፡፡ መቼ፣ ስንት ስንት እንደምትከፍል ቁርጡን ንገራቸው፡፡ አበዳሪን ከሽርሽሩ በላይ የሚያናድደው ቁርጥ ያለ ቃል ማጣት ነው፡፡

ደወለ፡፡ አጎት መጀመሪያ ጮሁ፣ ኋላ አዳመጡ፡፡ ዕዳው አሁንም አለ፤ ኩርፊያው ግን ቀርቷል፡፡

እናንተም ‹‹ስልክ ላክልኝ›› ከማለታችሁ በፊት እስቲ ‹‹ሰኞ እንዴት ዋልክ?›› በሉት፡፡ ሳምንት በሰላም ያገናኘን!