አቤቱታ፦ ጽሑፋቸው ያለ አንዲት ቃል ስለሚገለበጥባቸው ጀማሪዎች

ለአማርኛው ውክፔዲያችን መጋቢዎችና ለነባር አዘጋጆች በሙሉ፤

ይህን አቤቱታ የማቀርበው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ከእናንተው ጋር ለዓመታት የቅርብ ለውጦችን ገጽ እየጠበቅሁ፣ ሌሊት የገባ ስድብ ጠዋት እየጠረግሁ የኖርኩ አዘጋጅ ነኝ። ድካማችሁን አውቀዋለሁ። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው፤ ከሥራ መልስ ልጅ እስኪተኛ ተጠብቆ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ የምለውን ሁሉ በአክብሮት እላለሁ፤ ግን እላለሁ። ልመናዬ አንድ ነው፤ የሰውን ጽሑፍ ሽራችሁ ገጹን ወደ ነበረበት ስትገለብጡ ለምን እንደገለበጣችሁት በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት።

ለዚህ ያበቃኝን ልናገር። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የባልትና መምህርት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ እንጀራ የተጻፈውን ገጽ በስልካቸው ከፍቼ አሳየኋቸው። ገጹ በማሽን ተተርጉሞ የገባ መሆኑ ያስታውቃል። እንጀራን «ጎምዛዛ ጠፍጣፋ ቂጣ» ይለዋል፤ አብሲትንና እርሾን አንድ አድርጓቸዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ የሚጠልለውን ውሃ ጨርሶ አያነሣውም። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ ይኼን የጻፈው ሰው ምጣድ አጠገብ ደርሶ አያውቅም» አሉኝ። ማንም ሊያርመው እንደሚችል ስነግራቸው ማመን አቃታቸው። «እኔም?» አሉ። አዎ፣ እርስዎም አልኳቸው። ያንን ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አቤት የምለውም ቃሌ ስለታጠፈብኝ ነው።

በማግስቱ ማታ ብቻቸውን ሆነው ጀመሩ። የስልኩ መስኮት ጠባብ ስለሆነባቸው መጀመሪያ የተሳሳተውን አንቀጽ አጥፍተው አስቀመጡ፤ ቀጥሎ በቦታው የራሳቸውን ሊጽፉ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ የጠፋው አንቀጽ ተመልሶ ቁጭ አለ። «ኔትወርኩ በላብኝ» ብለው እንደገና አጠፉት። እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ሙሉውን ጻፉት፤ የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚቆይ፣ የጠለለው ውሃ ቀስ ተብሎ እንደሚቀዳ፣ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በውሃ እሳት ላይ ከበሰለ በኋላ አብሲት እንደሚጣል፣ ሊጡ ዳግም ኩፍ ሲል ምጣዱ እንደሚጣድ። በአንዲት ጣት ከአንድ ሰዓት በላይ የለቀሙት ፊደል ነው። እሱም ተገለበጠ። የለውጡ ምክንያት በሚጻፍበት የማጠቃለያ ሳጥን ውስጥ አንድም ቃል የለም። ሲደግሙት ታገዱ። በአባል ውይይት ገጻቸው ላይ የተዘረጋ ቀይ እጅ ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ የገጹን ታሪክ የሚያሳይ ማውጫ እንዳለ አያውቁም። የውይይት ገጽ እንዳላቸውም አያውቁም። ስልካቸውን ዘርግተውልኝ «ምን አጠፋሁ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

የታገዱበት ምክንያት «የመገለባበጥ ጦርነት» ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የተወሰደው ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድን ገጽ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚገለብጥን ሰው ይከለክላል። ይሁን። ሕጉ ግን ለጀማሪና ለነባር ብሎ አይለይም። በዚያች ሌሊት እትዬ አራት ጊዜ ከጻፉ በወዲያ በኩል ያለውም ሰው አራት ጊዜ ገልብጧል። አንዱ ሲታገድ ሌላው አልተጠየቀም።

የገለበጠባቸውን ሰው በክፋት አልከሰውም፤ ስሙንም አላነሣም። እኔም በእሱ ቦታ ተቀምጬ አይቻለሁ። የቅርብ ለውጦችን ገጽ ከፍቶ ለሚጠብቅ ሰው የሚታየው ቁጥር ነው፤ የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የተቀነሰው በቀይ። የተቀነሰው ከ500 ባይት ካለፈ ቁጥሩ ይደምቃል፣ ዓይንም እዚያ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር አለ። በኮምፒዩተር አቆጣጠር አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በእንግሊዝኛ ቁጥሩ እንዲደምቅ አምስት መቶ ፊደል መጥፋት አለበት፤ በአማርኛ ግን መቶ ሰባ ያህል ይበቃል፣ ሁለት መካከለኛ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። በፊደል ብዛት እኩል የሆነ አንቀጽ ያጠፋ አማርኛ ጸሐፊ ከእንግሊዝኛው እኩያው ሦስት እጥፍ ያህል አውዳሚ መስሎ ይታያል። እትዬ ያጠፉት አንቀጽ ከሺህ ባይት በላይ ሆኖ በደማቅ ቀይ ሲወጣ ያየ ሰው መደንገጡ አይገርመኝም። ከድንጋጤው በኋላ ግን ገጹን ከፍቶ ምን እንደጠፋ ማንበብ ይቻል ነበር።

እውነተኛ አበላሺ የለም አልልም። ስለ ዓድዋ የተጻፈውን ገጽ ሙልጭ አድርጎ በቦታው የብሔር ስድብ የተከለ ሰው አይቼ በገዛ እጄ መልሼዋለሁ። የስልክ ቁጥሩን በከተማ ታሪክ መካከል ለማስታወቂያ የሚሰነቅር፣ የሞተውን ሕያው ሕያውን ሟች የሚያደርግ፣ የወንዝ ርዝመት ላይ ዜሮ ጨምሮ የሚሄድ አለ። እነዚህ ወዲያው ይገልበጡ፤ የሚደጋግሙም ይታገዱ። ለዘገየንበት ቀን ሁሉ የሚጎዳ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር በተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ፍጹም ሐሰት ገብቶ ከአራት ወር በላይ ሳይታረም ተቀምጧል። ያ የሆነው ብዙ ሺህ አዘጋጅ ባለው በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ነው። እንግሊዝኛው ከዚያ ወዲህ ግልጽ ስድብን በሰከንዶች ውስጥ ለይቶ የሚገለብጥ ማሽን ተክሏል፤ እኛ የቆምነው በጥቂት ሰዎች ዓይን ነው። ዓይናችን ደክሞ የሁሉንም እጅ እንደ ሌባ እጅ ማየት ጀምሯል፤ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ሳሚው ግን ሊስም ነው የመጣው። የዓድዋን ድል ዓመት 1888 የሚለውን አጥፍቶ 1896 ብሎ የሚጽፈውን ልጅ ስንቴ አይተነዋል? ቢሮ ውስጥም ትምህርት ቤትም የፈረንጅ አቆጣጠር ሲያይ የዋለ፣ ወይም ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 እና ማርች 1 ቀን 1896 አንድ ቀን መሆናቸውን የነገረው የለም። ከስሕተት ያዳነን መስሎታል። በአንድ ጠቅታ ገልብጠን ዝም ስንለው ነገ ተመልሶ ይለውጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን «ቁጥር አበላሺ» ተብሎ ይታገዳል። «ይህ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የፈረንጁን ከፈለግህ እ.ኤ.አ. ብለህ በቅንፍ ጨምርበት» ማለት ስንት ሰከንድ ይወስዳል? ይህን የተባለ ልጅ በሌሎች ገጾች ላይ የተዘበራረቀውን ዘመን እየዞረ ሲያስተካክል አይቻለሁ። «ጸሐይ» የሚለውን «ፀሐይ» ለማድረግ ገጽ ለገጽ የሚዞረውም እንዲሁ ነው፤ ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ለፊደሉ ያለው ፍቅር ሊደገፍ የሚገባው ነው።

የአድራሻ እገዳንም ሳላነሣ አላልፍም። ባለፈው ክረምት በአንድ ቤተ መጻሕፍት አሥራ አንድ ሰው ሰብስቤ ላስተምር ተነሣሁ። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከስድስት በላይ አዲስ መለያ ስለማይከፈት ሰባተኛዋ ሠልጣኝ ላይ ስንደርስ በሩ ተዘጋ። መጋቢ ለእንግዶቹ መለያ መክፈት እንደሚችል ስለማውቅ ቀድሜ ጽፌ ነበር፤ መልስ አልመጣም። መለያ ካወጡት ስድስቱም ሁለቱ በየስልካቸው ኢንተርኔት ሲገቡ «ይህ አድራሻ ታግዷል» የሚል ገጠማቸው። በሞባይል የሚገባ ብዙ ሕዝብ በጥቂት አድራሻ ተደራርቦ ይወጣል። አንድ ባለጌ ሲሳደብ አድራሻውን ለስድስት ወር፣ መለያ ያላቸውንም ጨምሮ ስትዘጉት፣ ባለጌው ስልኩን አጥፍቶ ሲያበራ ሌላ አድራሻ ያገኛል፤ በሩ ላይ የሚቀሩት እንግዶቹ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ዛሬ የሚጽፍ አንድ ነው።

ዝምታችን በሌላም መንገድ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስኮትስ ቋንቋ በሚዘጋጀው ውክፔዲያ ላይ የታየውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቋንቋውን በወጉ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ፣ ከመዝገበ ቃላት ቃል እየለቀመ ከሃያ ሺህ በላይ ገጽ ጽፎ ተገኘ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የሚያግዝ መስሎት ነው። በእነዚያ ዓመታት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ እንዲህ አይባልም» እያለ ሊያርመው ይገባ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ ደግሞ የስድብ ናዳ ወረደበት። የኛም መዝገብ ትንሽ ነው፤ በማሽን የተተረጎመ ገጽ በየቀኑ ይገባል፤ ሃይ የሚለው የለም። እንጀራን «ጎምዛዛ ጠፍጣፋ ቂጣ» ያለውን ገጽ ያስገባውም ሰው አንድ ጊዜ ቢነገረው ኖሮ እትዬ አይታገዱም ነበር። ማሽኑ የጻፈው ሲቆም ባለሙያዋ የጻፉት ወደቀ። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሰዎች ራሳቸው «አዲስ መጤዎችን አትንከሱ» የሚል መመሪያ ያወጡት በከንቱ አይደለም። የእንግሊዝኛው ንቁ አዘጋጆች ቁጥር ከእ.ኤ.አ. 2007 በኋላ ለምን እንደቀነሰ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በቅን ልቡና የመጡ ጀማሪዎች በከፊል በራሳቸው በሚሠሩ መሣሪያዎች እየተገለበጡ ተስፋ ቆርጠው መሄዳቸውን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ አግኝቶታል። እነሱ ብዙ ናቸውና ጥቂት ቢሄድባቸው ይችሉታል። እኛ ምን ያህል ሰው አለንና?

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉት የማስጠንቀቂያ መለጠፊያዎች በአማርኛ እስኪተረጎሙ በማንም ጀማሪ ገጽ ላይ አይለጠፉ፤ ትርጉሙን እኔ በነጻ እሠራለሁ፣ ስድስቱን ጀምሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያው መልእክትም ከማስጠንቀቅ በፊት «እንኳን ደህና መጡ» ይበል፤ ለማናውቀው ሰው «አንተ» ከማለት «እርስዎ» ይሻላል፤ ከወዲያ በኩል የተቀመጠው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሁን የሰባ ዓመት መምህርት አናይምና። ስድብና ማጭበርበር ያልሆነ ለውጥ ሲገለበጥ የማጠቃለያው ሳጥን ባዶ አይሁን። ምንጭ ስለሌለው ከሆነ ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ይሰጠው። ከተቻለም ሳይገለበጥ «ምንጭ ይጠቀስ» ተብሎ ይቆይ። የአድራሻ እገዳ አጭር ይሁን፤ መለያ ያለውን ሰው ከነባለጌው አይዝጋበት። ለጀማሪዎችም የሚጠይቁበት አንድ ገጽ ይከፈት፤ እንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. በ2012 «የሻይ ቤት» ብሎ ከፍቷል፣ የእኛን «ቡና ቤት» ብንለው ሰዎች ትርጉሙን ይስቱታልና «የጀማሪዎች ደጅ» ይባል። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት እኔ እጠብቀዋለሁ። ሌላ ሁለት ሰው ቢጨመርልኝ ሳምንቱ ከሞላ ጎደል ይሸፈናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእትዬ እገዳ ይነሣ። በሦስተኛው ጊዜ የጻፉት በገጹ ታሪክ ውስጥ አለ፤ አንብቡት። ለአብሲቱና ለእርሾው የሚጠቀስ የባልትና መጽሐፍ ከቤታቸው መደርደሪያ ላይ አግኝተን ገጹን ምልክት አድርገንበታል፤ የቀረው ማስገባት ብቻ ነው። የገለበጠባቸውም ወንድማችን ወይም እኅታችን በውይይት ገጻቸው ላይ፣ በአማርኛ፣ ምን ሆኖ እንደነበር ሁለት መስመር ይጻፍላቸው። ይቅርታ በሉ ብዬ አላስገድድም። ማንበብ ሲሳናቸው እኔ አነብላቸዋለሁ።

መልሳችሁን በውይይት ገጼ ላይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አቤቱታ አቅራቢው፣ አብሯችሁ የሚሠራ አንድ አዘጋጅ